«የምትወዱትን ዘፈን አጋሩ» ስትዪ ለምን ዝም እንዳሉሽ

ሰላም እህቴ። የዘፈን አፍቃሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተሽ በየቀኑ «የምትወዱትን ዘፈን አጋሩ» ብለሽ ብትለጥፊ ሁለት ሰው ሊንክ ጥሎ እንደሚጠፋ፣ ሌላው እንደማይተነፍስ ጽፈሻል። ምን ዓይነት ርዕስ ብትሰጪ ሰው እንደሚሳተፍና ለአሸናፊ ሽልማት መስጠት ያዋጣ እንደሆነም ጠይቀሻል። «በርቺ» እና «ጎበዝ» ያሉሽን ሁሉ አነበብኩ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ለነገ ማታ የሚሆን ርዕስ አልሰጡሽም። እኔ እንዳንቺው ዓይነት ግሩፕ ይዤ ዓመታት ስላለፉኝ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. «የምትወዱት» የሚለውን ከርዕስሽ አውጪው። ሰው የሚወደውን ዘፈን ምረጥ ሲባል ፈተና ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። መቶ ዘፈን ይመጣበታል፣ አንዱን ሲመርጥ ሌላውን የካደ ይመስለዋል፣ «አንተ ደግሞ ይሄን ትሰማለህ?» እንዳይባልም ይፈራል። ስለዚህ ወይ ዝም ይላል ወይ አገር ያወቀውን ዘፈን ወርውሮ ይሄዳል። ጠበብ አድርገሽ ጠይቂ። እኔ አንድ ማታ «ረጅም መንገድ ላይ ሹፌሩ የከፈተው፣ እስከ ዛሬ ያልወጣላችሁ ዘፈን» ብዬ ለጠፍኩ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል ጽፋ የማታውቅ አባል ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ የሆነውን ጻፈች። አውቶቡሱ ጣርማ በር ዋሻ ሲገባ ሬዲዮው ይንኮሻኮሽና ይጠፋል፤ ከዋሻው ሲወጡ ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ደርሷል። መሀሉን ሳትሰማው ቀረች፣ የዘፋኙንም ስም አታውቅም፤ የያዘችው የመጨረሻዋን ስንኝ ብቻ ነው። ያን ማታ ግሩፑ አልተኛም። አንዱ ዘፋኙን ጠረጠረ፣ ሌላው «የለም፣ ድምፁ የሴት ነው ብላለች እኮ» አለው፣ ሦስተኛው ከእናቱ ካሴቶች ውስጥ አግኝቶ የሽፋኑን ፎቶ ላከ። ልጅቷ መሀሉን ሰምታ «ይሄን ያህል ያዝናል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለች። «የምትወጂው ዘፈን ምንድነው?» ብላት ኖሮ ይሄን አገኝ ነበር?

2. አንድ ሰው፣ አንድ ዘፈን፣ ከነምክንያቱ። ምክንያት የሌለው ሊንክ ይሰረዛል፤ አትፍሪ፣ ሰርዢ። ሊንክ ከፍቶ ለማየት ዳታ ይበላል፣ ሁለት መስመር ወሬ ግን ሁሉም ያነባል፤ ወሬው ከጣፈጠው ራሱ ፈልጎ ያዳምጣል። ሙሉ አልበም በፋይል የሚጭን ካለም በጊዜ አስቁሚ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ነገር አለ፤ ሠሪው ሳይፈቅድ ሥራውን ማባዛትና ማሠራጨት ክልክል ነው፤ ደግሞም ሠሪዎቹ ከዘፈን የሚበሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ጋ ዘፈን የሚጠቅስ ሰው የሚችለውን ያህል ግጥሙን የጻፈውን፣ ዜማውን የሠራውን፣ ያቀናበረውን አብሮ ይጠቅሳል። መጀመሪያ አጉረመረሙ። አሁን በየሳምንቱ «ዘፋኙን እርሱት፣ ግጥሙ የማን ነው?» የሚል ምሽት አለን፤ የካሴት ሽፋን ውስጠኛ ወረቀት በአጉሊ መነጽር የሚያነቡ አባላት አፍርቻለሁ። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅሽም።

3. «ማን ይበልጣል?» የሚባል ርዕስ እንዳይለጠፍ። አንቺ ባትለጥፊም አብሮሽ አድሚን የሆነው ሰው ይለጥፈዋል፤ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ለቅሶ ክፍለ ሀገር ወርጄ፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ግሩፑን ለአንድ ወዳጄ አደራ ብዬ ሄድኩ። እሱ ሆዬ «ጥላሁን ወይስ ማህሙድ?» ብሎ የድምፅ መስጫ ከፈተ። ስመለስ መዓት መልእክት ጠበቀኝ፣ ስለ ዘፈን የሚያወራ ግን አንድም የለም። የጀመረው «ድምፅ» እና «ስሜት» ተባብሎ ነው፤ ቀጥሎ «እናንተ ደግሞ» መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኛ አገር ክርክር የት ሄዶ እንደሚያርፍ።

የድምፁ ውጤት ምን እንደነበር ትዝ አይለኝም። የሚቆጨኝ በዚያ ሳምንት የወጡት ሰዎች ናቸው። የድሮ የዘፈን ሸክላ የሚሰበስቡ አንድ አባት ነበሩን። ሸክላውን መስኮት አጠገብ አድርገው መሀል ያለውን ወረቀት ያነሱና ይልኩልናል፤ የወረቀቱ ቀለም፣ የታተመበት ቁጥር፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ የድሮ ባለቤቱ ስም ሳይቀር ይታያል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማውጣት ሲጀምር ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ እንደነበር፣ ሰውየው ያን ተዳፍሮ ሸክላውን ውጭ አገር ልኮ እንዳሳተመ ከእሳቸው ነው የሰማሁት። «የሸክላ ጀርባ» የሚለውን ርዕስ ያመጡትም እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲሰማ ተረስቶ የቀረውን የጀርባ ዘፈን እያወጡ ማጋራት። ከእኔ ግሩፕ ከዚህ የሚስተካከል ሌላ ርዕስ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ስድ «አንተ ሽማግሌ» አላቸው። ምንም ሳይመልሱ ወጡ። ደውዬ ለመንኳቸው፤ «ልጄ፣ እኔ ዘፈን ልሰማ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

አድሚኑስ ምን አለኝ መሰለሽ? «ሞቅ ሞቅ ላድርገው ብዬ እኮ ነው።» ሳምንት ሳይቆይ የራሱን ግሩፕ ከፈተ። የርዕስ ዝርዝሬን እንዳለ ገልብጦ ወስዶታል። «የሰፈር ሠርግ» የሚለው ጣቴ ስቶ «የሰፈር ሠግር» ተብሎ ነበር፤ እሱም ጋ «ሠግር» ነው። ስለዚህ ርዕስ የመለጠፍ ፈቃድ ለማንም አትስጪ፣ ለእህትሽም ቢሆን። የመሰረዝ ፈቃድ ስጪ፣ ይበቃል።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን የቀረው ርዕስ ርዕሱ ስለሆነ ዝም ብዬ ልዘርዝርልሽ።

የትዝታ ምሽት አድርጊ፤ ግን ስትከፍቺው አንድ ነገር አስቀድመሽ ጻፊ፦ ትዝታ የአንድ ሰው ዘፈን አይደለም፣ ቅኝት ነው፣ ብዙ ዘፈን የሚሠራበት የዜማ መሠረት፤ የሚዘፍነው ሁሉ የራሱን ስንኝ ይዞ ይገባበታል። ይሄን ካላልሽ «ዋናው የእገሌ ነው፣ ሌላው ቅጂ ነው» የሚል ሰው ያውክሻል። ከተመቻቸው በሳምንቱ ወደ ሌሎቹ ቅኝቶች እለፊ፤ ባቲ፣ ከዚያ አምባሰል፣ ከዚያ አንቺ ሆዬ ብለሽ ቀጥዪ። አንቺ ሆዬ ላይ ሰው ይቀዘቅዛል፤ የሠርግ ዘፈን ጥቀሱ ብትያቸው ግን ይነቃሉ።

«ጥላሁን ያረፈ ዕለት የት ነበራችሁ፣ ምን ሰማችሁ?» የሚለውን አንድ ጊዜ ሞክሪው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ነበር፤ ብዙ ሰው በበዓሉ ሰሞን፣ ዘመድ ተሰብስቦ ባለበት ነው መርዶውን የሰማው። ስለዚህ የማያስታውስ የለም። አንዱ አባቱ እጁን ሳይታጠብ ከማዕድ ተነስቶ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ጻፈ። እንዲህ ያለውን ርዕስ አታብዢው እንጂ፤ በዓመት አንዴ ይበቃል፣ አለዚያ ግሩፑ የመርዶ ቤት ይሆናል።

«ቃሉ ሳይገባችሁ የወደዳችሁት ዘፈን» ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ስለ ዓሊ ቢራ አንድ ገጽ ሲጽፍ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አባል ከሥር ስንኙን ሲፈታለት፣ ከዚያ ጉራግኛው፣ ትግርኛው፣ ሶማሊኛው ሲከተል ታያለሽ። በዚያ ምሽት ግን አንቺ ራስሽ ስልክሽ ላይ ቁጭ በዪ። ስንኝ ከመፍታት ወጥቶ ወደ ሌላ የሚሄድ ካለ ሳትከራከሪ ሰርዢ።

«የፍቅር መስሏችሁ ቆይቶ የሌላ ነገር የሆነባችሁ ዘፈን» የሚለውም ጥሩ ነው፤ ሳንሱር በነበረበት ዘመን ያደጉት ብዙ ያወራሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ከዘፈኑ ሁሉ ፖለቲካ መፈልፈል ይወዳሉ፤ አንዷ የቡና ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ወርቅ አግኝታበት ስቀናል።

ጾም ሲገባ አትገረሚ። በዐቢይ ጾም ብዙ አባል ዘፈን አይሰማም፣ በረመዳንም እንዲሁ፤ ግሩፑ ጭር ሲል ሰው ጠልቶሽ አይደለም። በዚያ ሰሞን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ እንዲያጋሩ ጠይቂ፤ ዋሽንት፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ የድሮ ኦርኬስትራ። በገናን ግን ከዘፈን ጋር በአንድ ርዕስ እንዳትደባልቂው። «መዝሙርና ዘፈን አንድ ላይ?» የሚል ቁጣ ይመጣብሻል፣ ቁጣውም ልክ ነው። ከፈለግሽ ለብቻው ቀን ስጪው።

ሰዓቱን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አድርጊው፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። በሳምንት ሁለት ርዕስ በቂ ነው፤ በየቀኑ ስትለጥፊ ሰው የትናንቱን ሳያነብ የዛሬው ይመጣበታል፣ ከዚያ ሁለቱንም ይተወዋል። የመጀመሪያውን መልስ ራስሽ ጻፊ፤ አሪፍ ለመምሰል አትሞክሪ፣ የሚያሳፍርሽን ዘፈን ጥቀሺ። አንቺ ካፈርሽ ሌላው ይደፍራል።

የሽልማቱ ነገር፦ ተዪው። የሞባይል ካርድ ሸልሜ አይቻለሁ። ዘፈን ሰምተው የማያውቁ የአክስት ልጆች ድምፅ ሊሰጡ ተግተልትለው መጡ፣ ያሸነፈውም ካርዱን ሞልቶ በማግስቱ ከግሩፑ ወጣ። የካርዱን ብር ለራስሽ ዳታ ግዢበት፤ በዚያ «ቃሉ ሳይገባችሁ» ባልኩሽ ምሽት ያስፈልግሻል።