ጎርፉ ሄዷል፣ ውሃው ግን አልሄደም

ጥያቄ፦ ጎርፍ የበቆሎ ማሳዬን አጥለቅልቆት በማግስቱ ሄደ። በቆሎው ገና ጉልበት አልደረሰም ነበር። ከሳምንት በኋላ ቢጫ ሆነብኝ፤ ዩሪያ ብጨምርበትም ባሰበት። ጭቃው እግር ስለሚይዝ ልኮተኩተውም አልቻልኩም። ምን በሽታ ይሆን? መድኃኒትስ አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሽታ አይመስለኝም። «ጭቃው እግር ይይዛል» ያሉት ነገር ምክንያቱን ይናገራል፦ ጎርፉ ከላይ ቢያልፍም ከሥር ያለው አፈር እስካሁን ውሃ እንደጠጣ ነው። የተክል ሥር ይተነፍሳል። የአፈሩን ቀዳዳ ውሃ ሲሞላው አየሩ በ2 ቀን ገደማ ያልቃል፤ የታፈነ ሥር ደግሞ ማዳበሪያ ቢያቀርቡለትም መውሰድ አይችልም። አንዱን ነቅለው ይዩት። ሥሩ ቡናማ ሆኖ ቆዳው ከተላጠና የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ፣ ያፈነው ውሃ ነው።

መፍትሔው ዶማና አካፋ ብቻ የሚጠይቅ ፈሰስ፣ ማለትም የውሃ መውጫ ቦይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ማሳው ውስጥ ይዙሩና ውሃ የተኛባቸውን ጎድጓዳ ቦታዎች በእንጨት ምልክት ያድርጉባቸው። ከዚያ እየጀመሩ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ጥልቀት ያለው ፈሰስ ይቅደዱ፤ የሚወጣውን አፈር በታችኛው ጎን ይከምሩት። ብዙ አርሶ አደሮች ውሃው ቶሎ እንዲወጣ ብለው ፈሰሱን ቀጥ አድርገው ቁልቁል ሲለቁት በየክረምቱ አያለሁ፤ እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። የዛሬ ፈሰስ የነገ ቦረቦር የሚሆነው በዚህ ነው። በአግድም ያስኪዱት፤ በ100 ሜትር ርቀት ዝቅታው ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ይበቃል። ውሃው እየቦረቦረ በጣም ደፍርሶ ከወጣ ፈጥኗል ማለት ነው፣ ይበልጥ ያጋድሙት። መውጫው ሣር የበቀለበት ቦታ ይሁን፤ ከታች ማሳ ያለውን ጎረቤትዎንም አስቀድመው ያነጋግሩ።

ዩሪያውን ለጊዜው ያቁሙ። ውሃ በተኛበት አፈር ናይትሮጅኑ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል፣ ከፊሉም ታጥቦ ይሄዳል። አፈሩ ጠንፍፎ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ብቻ ከሥሩ አጠገብ ጨምረው አፈር ያልብሱት።

አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ስለሚሸከም፣ እንዲህ ያለ ዶፍ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። ለከርሞ 80 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው መደብ ላይ ይዝሩ፤ በመደቦቹ መካከል 40 ሴንቲሜትር ቦይ ይተዉ።

አሁን ግን ከመድከምዎ በፊት ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት አገዳ ከሥሩ ጀምረው ለሁለት ይሰንጥቁ። የማደጊያ ጫፉ፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት የአገዳው ውስጠኛ ክፍል፣ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ዛሬውኑ ፈሰሱን ይጀምሩ። ጠቁሮ ከላላ አይተርፍም፤ ክረምቱ ሲወጣ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ይዝሩበት።