መልስ፦ ቸርኬ በግራይንደር ስለማሻከር እና ስለመብሳት

ሰላም ወንድሜ። በሳይክልህ የኋላ ጎማ ቆመህ ስትዘል ፍሬኑ እየሸረተተ አስቸግሮህ፣ «ቸርኬውን በግራይንደር ላሻክረው? ለማቅለልስ ልብሳው?» ብለሃል።

ፍሬንህ እንደ ማጉራ ኤችኤስ33 (በዘይት ግፊት የሚሠራ የሳይክል ፍሬን) ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ ከሆነ አሻክረው። በዲስክ ፍሬን ከሆነ ግን ምንም አይጠቅምህም። ትሪያል (በሳይክል መሰናክል ላይ እየዘለሉ የሚያልፉበት ስፖርት) ላይ ጎማው ጭራሽ እንዲቆለፍ ነው የምንፈልገው፤ ልሙጥ አልሙኒየም ደግሞ በተለይ ሲረጥብ ያንሸራትታል።

መጀመሪያ ጎማውንና ካላማዳሪውን አውጣ። የብረት መሞረጃ ዲስክ ግጠም። የዓይን መነጽር ሳታደርግ እንዳትጀምር! ዲስኩን የፍሬኑ ጎማ የሚያርፍበት ጎን ላይ ለስለስ አድርገህ ነካ እያደረግህ እለፍ። ዋናው ነገር አለመጫን ነው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ ጎድጉዶ ይቀራል፣ ግድግዳውም ይሳሳል። ጭረቶቹ ከዳር እስከ ዳር የተሻገሩና እኩል ጥልቀት ያላቸው ይሁኑ፤ ካልሆነ ፍሬኑ አንዱ ጋ ይዞ ሌላው ጋ ይለቃል። የፍሬኑ ጎማ ቶሎ እንደሚያልቅ ግን እወቀው። ጭረቱ ሲደበዝዝ ደግመህ ታሻክረዋለህ። ይህን ስትደጋግም ግድግዳው እየሳሳ ስለሚሄድ ስንጥቅ ካየህ ቸርኬውን ቀይር።

መብሳቱን ግን አልመክርህም። ከፋብሪካ ተበስተው የሚመጡት ለዚያው ታስበው የተሠሩ ናቸው። ተራ ቸርኬ ሽቦዎቹ በሚታሰሩበት አካባቢ ከተበሳ ከከፍታ ስታርፍ ሊሰነጠቅ ይችላል። ክብደት መቀነስ ከፈለግህ የተበሳውን ግዛ።