ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ስለ ቆዳ ካንሰር ጠይቁኝ ብያችሁ የመጣውን ከታች እመልሳለሁ። ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ በፎቶ ፍርድ አልሰጥም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ይሄ የነጮች በሽታ አይደለም እንዴ? እኛን ፀሐይ ምን ያደርገናል?

መልስ፦ እነሱ ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል፤ የእኛን ቆዳ ሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለሙ ይከልለዋል። ግን ቦብ ማርሌይን አስታውስ። በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ የሚባል አደገኛ የቆዳ ካንሰር ተገኘበት፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፤ ፀሐይ እምብዛም እጇ የለበትም። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ስንፈልግ ቀድመን የምናየው እዚያ ነው። ማታ እግርህን ስትታጠብ ውስጡን ገልብጠህ እይ፤ የጣቶችህን መሀል ጭምር።

ጥያቄ፦ ጥፍሮቼ ላይ ጥቁር መስመር አለ። እናቴም አላት። ልደንግጥ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ብዙ ጣት ላይ ያለ፣ ለዓመታት ያልተለወጠ ቀጭን መስመር እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የሚያሳስበኝ አንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ መጥቶ እየሰፋ የሚሄደው፣ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው የገባው ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በልጅነቱ እግሩ ተቃጥሎ ነበር። ጠባሳው ከ30 ዓመት በኋላ ቆስሎ አልድን አለ። ምን ቅባት ይሻለዋል?

መልስ፦ ቅባቱን ተወው ወንድሜ። አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ያልደረቀ ቁስል ወደ ካንሰር ሊቀየር ይችላል። ጠርዙ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ሲነካ ከደማ ቶሎ ከቁስሉ ለምርመራ ናሙና ይወሰድለት። ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ናሙናውንም ይስጥ።

ጥያቄ፦ ብረት ከነካው ይባስ ይሰራጫል ይባላል እኮ?

መልስ፦ ይህ ወሬ ስንቱን በሽተኛ ቤት አስቀረብኝ! ናሙና መውሰድ ካንሰር አያሰራጭም። ሰው ዘግይቶ ይመጣና፣ ቀድሞ ንፍፊቱ ውስጥ የገባውን በሽታ በቢላዋ ያሳብባል። ቶሎ የመጣው ብዙውን ጊዜ ተቆርጦለት ይድናል። ከተሰራጨ በኋላ ኢሚዩኖቴራፒ የሚባል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳ መድኃኒት አለ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ አልቢኖ ነው። ምን ላድርግለት?

መልስ፦ ቆዳው ሜላኒን ስለሚያንሰው ለእሱ ዋናዋ ጠላት ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብርዱ አያታልልሽ። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ይፈልግ። ኤስፒኤፉ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ውጭ ሲሆን በየ2 ሰዓቱ ይቀባ። ክሬሙ ውድ ነው፤ ገንዘብ ካጠረ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ይቅደሙ። የስፖርት ክፍለ ጊዜው በጠዋት እንዲሆንለት መምህሩን አነጋግሪ።

ጥያቄ፦ ማርያም የሳመችኝ ጉንጬ ላይ አለ። ላስነሳው?

መልስ፦ ምን አደረገህ? ይኑር። መልኩን ወይም ቅርጹን ከቀየረ ያኔ ና።