«ልጄ ነው ብዬ አልደውልም»

ከድሬዳዋ የጻፍክልኝ የ34 ዓመት ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አባትህ በአገር የታወቁ ተዋናይ ናቸው፤ አንተ ግን በዚያው ሙያ ዐሥር ዓመት ደክመህ ከትናንሽ ሚናዎች አላለፍክም። ባለፈው ዓመት ለአንድ ተከታታይ ድራማ ዳይሬክተር እንዲደውሉልህ ብትለምናቸው «ልጄ ነው ብዬ አልደውልም፤ እንደ ማንም ተፈትነህ ግባ» አሉህ፤ ከዚያ ወዲህ ቤታቸውን አልረገጥክም፤ አሁን ደግሞ ስማቸውን ትተህ በአያትህ ስም ለመጠራት አስበሃል።

እኔን ያስቆመኝ ግን የስልኩ ጉዳይ አይደለም። በአራት ገጽ ውስጥ አባትህን «አርቲስቱ»፣ «ታላቁ ሰው» እያልክ ቆይተህ «አባቴ» ያልካቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዘጠኝ ዓመትህ ሳለ ከአዲስ አበባ በባቡር ሲመጡ ልትቀበላቸው ጣቢያ የወጣህበትን ቀን ስታነሳ ነው። ሰው ከበባቸው፤ አንዱ ሻንጣቸውን ተቀበለ፣ ሌላው አቀፋቸው። አንዲት ሴት «ይሄ ሕፃን የማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ እሳቸው ከሌላ ሰው ጋር እየሳቁ ስለነበር አልመለሱላትም፤ አንተም የኮታቸውን ጫፍ እንደያዝክ እስከ ከዚራ ድረስ አንድ ቃል ሳትናገር ሄድክ። ይህን በሦስት መስመር ጽፈህ «ለማንኛውም» ካልክ በኋላ ወደ ስልኩ ተመለስክ።

የታዋቂ ሰው ልጅ አባቱን ከሕዝብ ጋር ተካፍሎ ያድጋል፤ ሌላው ሕፃን ያለ ወረፋ የሚያገኘውን አባት እሱ ተራ ጠብቆ ነው የሚያገኘው። አንተ ያን ቀን «ልጄ ነው» የሚለውን መልስ ጠብቀህ ሳትሰማው ቀረህ። ከ25 ዓመት ገደማ በኋላ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ «አልደውልም» ከሚል እምቢታ ጋር ተያይዞ መጣ። እሳቸው ስለ አድልዎ የተናገሩት አንተ ጆሮ ሲደርስ ልጅነትህን እንደ መካድ ሆነ፤ ሕመሙም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ደውለውልህ ቢሆን ኖሮ ይህ ይሽር ነበር? እጠራጠራለሁ። አሜሪካዊው ተዋናይ ኪርክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1963 ብሮድዌይ ላይ የተጫወተውን ታሪክ ፊልም ለማድረግ ለዓመታት ሞክሮ ስላልተሳካለት ለልጁ ለማይክል አስረከበው። ማይክል በፕሮዲውሰርነት የሠራው ፊልም በ1975 ወጥቶ አምስት ኦስካር ተሸለመ፤ አባቱ የተመኘው ዋና ሚና ግን ለጃክ ኒኮልሰን ተሰጠ፤ ኪርክም ቅሬታው ለረጅም ጊዜ አብሮት ኖረ። አባት በገዛ እጁ ሥራ ለልጁ ሲሰጥም በመካከል የሚቀር ነገር አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ካንተ ጋር አልስማማም። ለኦዲሽን በቀረብክ ቁጥር ከራስህ ስም በፊት የአባትህን ስም ትናገር እንደነበር ራስህ ጽፈሃል፤ ስለዚህ ስሙን የጫኑብህ ሰዎቹ ብቻ አይደሉም። ደግሞም የስድስት ዓመት ልጅህ አያቱን እየጠየቀ እንደማትወስደው በአንዲት መስመር ብቻ ጠቅሰህ አልፈሃል። እኔ እዚያች መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ። በእኛ አጠራር የአንተ ሁለተኛ ስም እሳቸው ናቸው፣ የልጅህ ሁለተኛ ስም ደግሞ አንተ ነህ፤ በአባትህ ላይ የዘጋኸው በር ይህንንም ሕፃን ውጭ አስቀርቶታል፤ የሚጠብቀው መልስ የሚሰጠው ሰውም የለም።

ስምህን ለመቀየር ባትቸኩል እመርጣለሁ። ከተቻለህ አንድ ቀን፣ የድሬ ሙቀት ሲበርድ፣ ልጅህን ይዘህ አባትህ ቤት ሂድና ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለ ጣቢያው ጠይቃቸው፤ ያን ቀን ጨርሶ ላያስታውሱት እንደሚችሉም አስቀድመህ ራስህን አዘጋጅ። ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ምንም ላትነጋገሩ ትችላላችሁ። እንቅልፍ እንደምታጣም ስለጻፍክ፣ እዚያው ከተማ ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትነጋገር መልካም ነው፤ እኔ በደብዳቤ ያየሁት ጥቂቱን ብቻ ነው። የስሙን ነገር ከዚያ በኋላ እንደገና እናነሳዋለን።