«90 ማለት 90 በመቶ ብር ነው» ለተባለችው እህታችን

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አያቴ ሳጥን ውስጥ ስድስት የሾርባ ማንኪያና ሁለት ሹካ አገኘን። የማንኪያዎቹ ጀርባ ላይ አራት ትንንሽ ጋሻ መሳይ ምልክቶችና አንድ ባንዲራ አለ። ሹካዎቹ ላይ የሚነበበው 90 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ነጋዴ 90 በመቶ ብር ነው ብሎናል። እናቴ አቅልጠን የጆሮ ጌጥ እናሠራ እያለች ነው። እውነት ብር ነው? ማን ነው የሠራው?»

መልስ፦ መጀመሪያ እናትሽን አስቁሚልኝ። እኔም ሥራ ስለምድ እንዲህ ያለ ማንኪያ ብር መስሎኝ አቅልጫለሁ። የወጣልኝ ግራጫ ነገር ገና በሁለተኛው መዶሻ ተሰነጠቀ። ያለማመደኝ ሰውዬ የዚያን ቀን የሳቀብኝን ሳቅ እስካሁን አልረሳውም።

በአራቱ ጋሻዎች ውስጥ ያሉት ሥዕል ይመስላሉ እንጂ ፊደላት ናቸው። ጠምዘዝ ባለ የድሮ አጻጻፍ የተቀረጹ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ ሳይሆኑ አይቀሩም። «ኤሌክትሮ ፕሌትድ ኒኬል ሲልቨር» ማለት ነው፤ በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ኒኬል ሲልቨር። ስሙ አያታልልሽ። ኒኬል ሲልቨር ውስጥ ብር የሚባል ነገር የለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ በጋሻ ማስቀመጥ የፋብሪካዎቹ ብልጠት ነበር፤ ላየው ሰው የእውነተኛ ብር ማህተም እንዲመስል። የእንግሊዝ እውነተኛ ብር ላይ ግን የሚራመድ አንበሳ ታገኛለሽ። አንበሳው ከሌለ ብዙ ተስፋ አታድርጊ።

ሠሪውን የሚነግርሽ ባንዲራው ነው። ጠመኔ ፈጭተሽ ምልክቱ ላይ በጣትሽ ቀቢው፣ ከዚያ ላዩን በጨርቅ ጠረግ አድርጊ። ነጩ ብናኝ ስርጉዱ ውስጥ ይቀራል። የስልክሽን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሪበት፣ ፎቶ አንሺና አጉልተሽ እዪው። ባንዲራው ውስጥ ደብልዩና ኤች ካሉ ዕቃው የእንግሊዝ አገሩ የሼፊልድ ፋብሪካ የዎከር ኤንድ ሆል ነው። የሌላው ሠሪ የጄምስ ዲክሰን ቢሆን መለከት ይኖረው ነበር። በኤሌክትሪክ ብር የመቀባቱን ሥራ ያስጀመረው ግን የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን ነው፤ በ1840 በፈረንጅ አቆጣጠር የፈጠራ መብቱን ያወጣው እሱ ነው።

ወደ ሹካዎቹ ስንመጣ፣ ነጋዴው የሳታት አንዲት ዜሮ ናት። የብር ጥራት የሚመታው ከሺህ እየተቆጠረ ነው፤ 90 በመቶ ቢሆን ኖሮ 900 ይል ነበር። ባዶ 90 የጀርመኖች ልማድ ነው። 12 ማንኪያና 12 ሹካ ለመቀባት 90 ግራም ብር ዋለ ማለት ነው። ለአንዱ 4 ግራም እንኳ አይደርስም። በእኛ ሂሳብ የ24ቱ ብር ቢሰበሰብ አራት ጠገራ ብር ውስጥ ያለውን አያህልም። ሙሉ የጀርመን ብር ብዙውን ጊዜ 800 ይላል፤ ከ1888 ወዲህ ደግሞ ከጎኑ ጨረቃና ዘውድ አለው።

አሜሪካ ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ያርድ ሴል፣ ሰው ግቢው ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ፣ «1847 ሮጀርስ ብሮስ» የሚል ማንኪያ ስታገኙ «የ1847 ዕቃ አገኘን» ብላችሁ አትደውሉልኝ። ቁጥሩ የንግድ ስሙ አካል ነው። ጠገራ ብር ላይ ያለው 1780ም ቢሆን ሁልጊዜ የተመታበት ዓመት አይደለም።

ማንኪያዎቹን በአመድና በሽቦ እንዳትፈትጓቸው። ቅቡ ስስ ነው፣ ከሄደ አይመለስም። አንዱን ገልብጪና ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍበትን ሆዱን እዪ። እዚያ ጋ ቢጫ ቢጫ ካለ ብሩ አልቋል ማለት ነው። ካላለ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ሾርባ ጠጡበት።

ለእናትሽ የጆሮ ጌጥ ግን ሳጥኑን ደግማችሁ ፈትሹ። ግርጌው ላይ ጠገራ ብር ካለ እሱ ከሺህ 833 ነው። የድሮ አንጥረኞቻችን ጌጥ ሲሠሩ የኖሩት ከእሱ ነው፤ እሱን ይዛችሁ ኑ።