ካፕሱል አትነስንሱ! የልጅ እግር ቁስል ቤት ውስጥ ሲታጠብ (ጥያቄና መልስ)

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ የድሬና የሐረር ወላጆች በስልክ ግሩፓችን ላይ እየተጻጻፍን ሲስተርን ይዘን ተቀመጥን። ድሬዳዋ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ቁስል ስታጥብ የኖረች ነርስ ናት፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጁም ባጃጁም መንገድ ላይ ነው። ጠያቂዎችን በሰፈራቸው ብቻ ጠርተናል። ሰዓቱ የበርጫ ስለሆነ ወንዶቹ ዘግይተው ነው የገቡት፤ እሱም ጣጣ አመጣ።

ከሳቢያን፦ ሲስተር እንደምን ዋልሽ? ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ከ12 ቀን በፊት ባጃጅ ገጨውና ቅልጥሙ ላይ ቆዳው ተገፈፈ። የላይኛው ተሰፋ፣ ክሩም ወጥቷል። የታችኛው ግን የሚሰፋ ቆዳ የለውም ተብሎ ክፍት ቀረ። አሁን «ጥሩ እየዳነ ነው፣ ቤት እጠቢለት፣ በሳምንት አንዴ አሳዪን» አሉኝ። ከየት ልጀምር?

ሲስተር፦ ደህና ነኝ የኔ እናት። ከእጅሽ ጀምሪ። በሳሙና፣ እስከ ክንድሽ፣ ቀለበቱን አውልቀሽ። ከዚያ በፊት ግን ለልጁ ፓራሲታሞሉን ስጪው፤ ከመታጠቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ። አንዴ ካመመው በሚቀጥለው ቀን ፋሻ ሲያይ ከቤት ይጠፋል።

ውኃ አፍልተሽ ከድነሽ አቀዝቅዢ። ለግማሽ ሊትር ጎደል ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ለብ ይበል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ያሳምመዋል። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጪ፣ ድፊው። ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ስሪንጅ ግዢ፣ መርፌውን ጣይው፣ በእሱ እያፈሰስሽ እጠቢ። በጥጥ አትፈትጊ። ጥጥ ቃጫውን እዚያው ትቶ ይሄዳል።

የድሮው ጎዝ ከተጣበቀ አትንጪው። በጨው ውኃው አርሺውና 10 ደቂቃ ጠብቂ። ብዙ እናት የምትሳሳተው እዚህ ነው፤ ትቸኩላለች። ስትነጪው ሌሊቱን ሙሉ የበቀለውን ቆዳ ይዞ ይመጣል። ልጁ ያለቀሰው በከንቱ፣ አንቺም የደከምሽው በከንቱ ይሆናል።

ከዚያ ቁስሉን እዪው። እንደ ሮማን ፍሬ ቀይና ጉብ ጉብ ያለ ከሆነ እሰየው፣ አዲስ ሥጋ ነው። ሲነካ ትንሽ ቢደማ አትደንግጪ። ከጠርዙ ወደ መሐል የሚገባ ሳሳ ያለ መስመር ካየሽ ደግሞ ቆዳው እየተጓዘ ነው። ቀጭን ቢጫ ነገር ሁሉ መግል አይደለም፤ አትፋቂው።

በላዩ ቫዝሊን ያለው ጎዝ፣ ከላይ ደረቅ ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ አድርጊ። ፋሻው ከታች ወደ ላይ ይጠቅለል፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት። ስትጨርሺ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫን አድርገሽ ልቀቂ። ቀለሙ በ2 ሰከንድ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቱ ከቀዘቀዘ ጠብቋል፣ ፍቺው። እዥ እየበዛ ካረጠበው በየቀኑ ቀይሪ። ደህና ከሆነ በ2 ቀን አንዴም ይበቃል። በየሰዓቱ እየከፈትሽ አትዪው፣ ቁስል ድስት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ። ልጁ 6 ዓመቱ ነው ብለሻል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን የወሰደው በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ከሆነ፣ ከዚያም ወዲህ ካልደገመ፣ 5 ዓመት አልፎታል ማለት ነው። መንገድ ላይ የቆሰለ ቁስል ደግሞ ቆሻሻ ነው። ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ማጠናከሪያ ተሰጥቶት እንደሆነ ጠይቂ። ዛሬ ነገ አትበዪ።

እና ካፕሱል ፈትተሽ አትነስንሺ። ይሄን ዛሬ ደጋግሜ ነው የምለው።

ከገንደ ቆሬ፦ እኛ ግን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል እየተነሰነሰብን ነው ያደግነው። ቶሎ ያደርቃል እኮ!

ሲስተር፦ ጠብቄሽ ነበር። አዎ፣ ያደርቃል። ችግሩም እሱ ነው። ዱቄቱ ከእዡ ጋር ይቦካና እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ከላይ ሲያዩት የዳነ ይመስላል። ከሥሩ መግል ይጠራቀማል። ስንት ጊዜ ያንን ክዳን አንስቼ መግሉ ፊቴ ላይ ፈንጥቋል። መጠኑ አይታወቅም፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል። የአምፒሲሊን ካፕሱል ከሆነ ደግሞ ፔኒሲሊን የማይስማማው ልጅ አለ፤ እናቱ ይህን የምታውቀው ሲያብጥ ነው።

«ቁስል ይተንፍስ፣ ይድረቅ» የሚባለውን እስኪ ተዉት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮታል። አንዱን ቁስል በስስ ፕላስቲክ ሸፈነው፣ ሌላውን ለአየር ተወው። የተሸፈነው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሱ ቆዳ ከጠርዝ ወደ መሐል እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። እርጥብ ላይ ይንሸራተታል። ደረቅ ቅርፊት ካገኘ ግን ከሥሩ መቆፈር አለበት። እናንተ ቅርፊት ስታዩ ደስ ይላችኋል፣ ቆዳው ግን መንገዱ ተዘግቶበታል።

እርጥብ ስል የተዘፈዘፈ አላልኩም። ዙሪያው ልብስ ያጠበ እጅ መስሎ ከነጣና ከተጨማደደ እርጥበቱ በዝቷል፤ ጎዙን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

ከለገሃሬ፦ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ብናሞቀውስ?

ሲስተር፦ የድሬን ፀሐይ? አይሆንም።

ከከዚራ፦ ሲስተር ልጄ ቁስል አለባት፣ አልድን አላት። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ የቱ ጋ? ስንት ቀኑ? ምን መታት? ምን አደረጋችሁበት? እኔ ጠንቋይ አይደለሁም አቦ።

ከሐረር ሸዋ በር፦ ማር አልተነሳም። ማር እኮ ጥንትም መድኃኒት ነው።

ከመጋላ፦ ከማር ከርቤ ይበልጣል። ከርቤ ዘፍዝፎ ማጠብ ነው።

ከገንደ ቆሬ፦ የቡና ዱቄትስ? ደም ወዲያው ነው ቀጥ የሚያደርገው።

ከሐረር ሸዋ በር፦ የሐረር ቡና ከሆነ አዎ። የእናንተ ታይዋን ገበያ የሚሸጠውን እንኳ እንጃ።

ከመጋላ፦ ሐረር ደግሞ ሁሉ ነገር የእሷ ነው! ውኃ ሲጠፋባችሁ ወደ ማን ነበር የምትወርዱት?

ከሐረር ሸዋ በር፦ እናንተስ ሙቀቱ ሲብስባችሁ ወደ ማን ነው የምትወጡት?

ሲስተር፦ ጨረሳችሁ? ስለ ማር እውነቱን ልናገር። ለቁስል ተብሎ የተጣራና ጀርሙ የተገደለ ማር አለ፣ ይሠራል። ገበያ ያለው ግን ስኳር የተቀላቀለበት ይሁን፣ የንብ እግር ያለበት ይሁን አታውቁትም። ክፍት ቁስል ላይ አታድርጉት። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ማር በአፉም አይሰጥም። ከርቤውን ለጭሱ ተዉት። የቡናውን ነገር እኔን ጠይቁኝ። ፍርፋሪውን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ የምለቅመው እኔ ነበርኩ፣ ልጁ እየጮኸ። ደም ካልቆመ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ሳታነሱ ተጫኑት። በየደቂቃው ገለጥ አድርጎ ማየት አይፈቀድም።

ከአዲስ ከተማ፦ የድሬ ውኃ ጀበናውን ሁሉ ነጭ ያደርጋል። ለቁስል አይጎዳም?

ሲስተር፦ አይጎዳም። ኖራው ታች ይቀራል። የተፈላ ይሁን እንጂ።

እማማ ከመጋላ፦ ልጄ፣ እኔ ግን አንድ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ። ሰሞኑን ቁስል ላለበት ልጅ እንቁላል ስጡ ትያለሽ አሉ። እንቁላልና ሥጋ ያመረቅዛል። እኛ ከልክለን ነው ያሳደግናችሁ።

ሲስተር፦ እማማ፣ እርስዎን አክብሬ ነው የምናገረው። እኔንም እናቴ ከልክላኛለች፣ ጠባሳዬ እስከዛሬ ይታያል። ሥጋ የሚሠራው ከሥጋ ነው፤ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከባቄላ፣ ከምስር። የቆሰለ ልጅ በሽሮ ብቻ ሲከርም አዲሱ ሥጋ ሐመር ይላል፣ አይሞላም። የግመል ወተት የሚያገኝ ይስጥ፣ አፍልቶ። ከፍራፍሬ ዘይቱን የመሰለ የለም፤ ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን ይበልጥ አለው፣ ዋጋውም አይጎዳም። የሚያመረቅዘው ያልታጠበ እጅ ነው። እና ዝንብ።

እማማ ከመጋላ፦ እሺ፣ ወተቱን እቀበላለሁ።

ከከዚራ፦ ሲስተር ይቅርታ፣ ተረከዟ ላይ ነው። መስታወት ረግጣ ነው። 5 ሳምንት ሊሆነው ነው። ይደርቅና መልሶ ያዣል።

ሲስተር፦ ይኸው፣ አሁን ጥያቄ ሆነ። እህቴ፣ ይሄ የቤት ቁስል አይደለም። ደርቆ መልሶ የሚያዥ ቁስል ብዙ ጊዜ ውስጡ ነገር አለ። የመስታወት ስባሪ ቀርቶ ይሆናል። አጥንቱም ተነክቶ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ይዘሻት ሂጂ፣ መስታወት መርገጧን ንገሪያቸው፣ ራጅ ይነሣ። ሌሎቻችሁም ስሙ፤ በየሳምንቱ ቁስሉን ሳትነኩ በላዩ ክር ዘርግታችሁ ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ። ክሩን አስቀምጡት። በ2 ሳምንት ውስጥ ካላጠረ አሳዩ። በዓይን «የተሻለው ይመስለኛል» አይሠራም።

ቀኑን ሳትጠብቁ የምትሮጡባቸውም አሉ። ቅላቱና ሙቀቱ ከቁስሉ አልፎ ሲስፋፋ። ቀይ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲያብጥ። ሲሸት፣ ሥጋው ሲጠቁር፣ ትናንት ይራመድ የነበረው ዛሬ እግሬን አላስረግጥም ሲል። መንጋጋው ከያዘው ደግሞ ጫማም አታድርጉ፣ ሩጡ።

ከነምበር ዋን፦ ትኩሳት ካለውስ? ከቁስሉ ነው ከወባ?

ሲስተር፦ በዓይን አይለይም። እዚህ አገር ወባ አለ፤ ዴንጊ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ገብቶብናል፤ በ2011 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ስንቱን አልጋ ላይ እንደጣለው ታስታውሳላችሁ። ትኩሳት ያለው ልጅ ይመርመር። ዴንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አትስጡ፣ ያደማል። አስፕሪን ለልጅ ጭራሽ አይሰጥም። ፓራሲታሞል በኪሎ ነው፤ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም።

ከጉቶ፦ የሞተር ሳይክል ማርሚታ የልጄን ባት አቃጥሏት ኮልጌት ቀባናት። አሁን ምን እናድርግ?

ሲስተር፦ መቼ?

ከጉቶ፦ አሁን፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ሲስተር፦ ታዲያ ምን ታወሪያለሽ! ኮልጌቱን በሚፈስ ውኃ እጠቢ፣ 20 ደቂቃ በሰዓት ያዢ። በረዶ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጪው። ከመዳፏ የሚበልጥ ከሆነ ዛሬውኑ ውሰጃት።

ከለገሃሬ፦ ውሻ ነክሶት ቁስሉ ትንሽ ከሆነስ?

ሲስተር፦ ትንሽ የሚባል የውሻ ንክሻ የለም። በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ቀጥታ ለክትባት። ዛሬ።

ከገንደ ገራዳ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አሁን ነው የገባሁት። ሲስተር፣ የልጄ ጉልበት ተልጦ ነበር። የአምፒሲሊን ካፕሱል ፈትቼ ብነሰንስበት ይሻላል ወይስ ቅባት?

ሲስተር፦ ወይ ጣጣ። ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ።

ከገንደ ገራዳ፦ ረጅም ነው እኮ።

ሲስተር፦ በርጫውስ ስንት ሰዓት ነበር?

ከሳቢያን፦ ሲስተር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ልጄ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ልጫወት እያለ ያስቸግረኛል። ሲድን መቼ ልልቀቀው?

ሲስተር፦ ቆዳ ስለለበሰ ጠነከረ ማለት አይደለም። በ3ኛው ሳምንት ጠባሳው ከነባሩ ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው ጥንካሬው። በወራት ውስጥ እየጨመረ ቢሄድም ከ80 በመቶ ብዙም አያልፍም። ቅልጥም ላይ ደግሞ ከሥሩ አጥንት እንጂ ሥጋ የለም፣ አንድ ርግጫ ይከፍተዋል። ቤት ውስጥ ግን ይራመድ፣ አልጋ ላይ አታስሪው። ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላም አንድ ወር ያህል ኳሷን ደብቂያት። ጠባሳውን በቫዝሊን ማታ ማታ እሺው፣ ከፀሐይ በረጅም ሱሪ ሸፍኚው። ደግሞ ነጭ ወይ ጥቁር ቢሆን አትጨነቂ፣ ቀለሙ ለመመለስ ዓመትም ይፈጃል።

ከሳቢያን፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጎዙን አርሼው 10 ደቂቃውን እየጠበቅኩ ነው የምጽፍልሽ።

ሲስተር፦ በየትኛው እጅሽ? ስልኩን አስቀምጪና እንደገና ታጠቢ።