ልጁ የት ገባ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክራችሁ የጻፋችኋቸው ይመስላሉ። አብዛኞቹ «መጽሐፉን በቴሌቪዥን አበላሹት» የሚሉ ናቸው። ዓምዱን አሁን ለጀመራችሁ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ አከራያለሁ። ከግድግዳዬ ወዲያ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ልጅ አለ። እሱ ዘንድ አዲስ ተከታታይ በገባ ሰሞን እኔ ዘንድ መጽሐፉ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ጭቅጭቁን ከሁለቱም ወገን እሰማዋለሁ። መጨረሻውን አስቀድሞ መስማት የማይወድ የመጀመሪያውን መልስ ይዝለለው።

«እትዬ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ‹ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን›ን ከዶርም ልጆች ጋር አየነው፤ መጽሐፉን ቀድሜ በስልኬ አንብቤው ነበር። የንግሥቲቱን ትንሹን ልጅ ጭራሽ አውጥተውታል። ‹ልጁ የት ገባ?› ስል ‹ድራማ ድራማ ነው፣ መጽሐፍ መጽሐፍ ነው› እያሉ ይስቁብኛል። የማካብደው እኔ ነኝ?»

አብሽር፣ አላካበድክም። ደራሲው ራሱ እንዳንተ ተናዷል።

ላልተከታተላችሁት ላስረዳ። ድራማው የተወሰደው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2018 ካሳተመው ‹ፋየር ኤንድ ብለድ› ነው። በመጽሐፉ ንግሥት ሄሌና ሦስት ልጆች አሏት፤ ወንድና ሴት መንታዎች፣ ከእነሱም በታች ሜሎር የሚባል ሕፃን። ሁለት ነፍሰ ገዳዮች ሌሊት ይገቡና «ከወንዶቹ አንዱን ምረጪ» ይሏታል። በልጆቼ ፈንታ እኔን ግደሉኝ ትላለች። እምቢ ሲሏት የትንሹን ስም ትጠራለች። እነሱ ግን ትልቁን ይገድሉትና ለሕፃኑ እናቱ እሱ እንዲሞት እንደፈለገች ነግረውት ይወጣሉ። እንግዲህ ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ የተረፈውን ልጇን ዓይን እንዴት ታየዋለች? ማርቲን ያስቀመጠው ሸክም ይህ ነው።

በድራማው ሁለተኛ ሲዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ሜሎር የሚባል ልጅ የለም። ገዳዮቹ ከመንታዎቹ ወንዱ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታቸውና ይጠይቋታል፤ እሷም ታሳያቸዋለች። ያስደነግጣል፣ አልክድም፤ ምርጫው ግን ጠፍቷል።

የወጣበት ምክንያት ደግሞ ጥበብ አልነበረም። ማርቲን እንደጻፈው ዋና አዘጋጁ ራያን ኮንዳል ያነሳበት የሁለት ዓመት ሕፃን ማሠራት የሚያመጣውን ወጪና መጓተት ነው። ማርቲን መጀመሪያ ተቃውሞ ነበር፤ ልጁ በሦስተኛው ሲዝን ይወለዳል ሲባል ለዘበ፤ ኋላ ያም ቀረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በራሱ ድረ ገጽ ቅሬታውን ዘርዝሮ አወጣ፤ ጽሑፉ ሳይውል ሳያድር ከገጹ ተነሳ።

ቅሬታው ልብ የሚባል ነው፤ የሚያስጨንቀው በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። በመጽሐፉ ሜሎር ሲሸሽ ተይዞ በሕዝብ እጅ ይሞታል። ወሬው እናቱ ጆሮ ሲደርስ ራሷን ከመስኮት ትጥላለች። እሷ ስትሞት ደግሞ ከተማው በአመፅ ይነሳል። አሁን ልጁ ከሌለ ንግሥቲቱ ለምን ትወድቃለች? ከተማውስ በምን ይነሳል? የጦሳ ተራራ እርከን ላይ አንድ ድንጋይ ብታነሳ ጉዳቱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው።

ስለዚህ ለዶርም ልጆች እንዲህ በላቸው፦ «ይለያያል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም፣ ይለያያል። የጠየቅሁት የወጣው ነገር ምን ተሸክሞ እንደነበርና አሁን ማን እንደሚሸከመው ነው። መልስ ካላቸው እሰየው።

መልስ ያለው ለውጥ አለና። ከዚሁ ከማርቲን መጽሐፍ የተወሰደው ‹ጌም ኦፍ ትሮንስ› የመጀመሪያው ሲዝን ላይ ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሴ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ስለከሸፈው ትዳራቸው የሚያወሩበት ትዕይንት ትዝ ይልሃል? መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚተርከው፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ደግሞ ሁለቱም ተራኪ አይደሉም። አንባቢ እዚያ ክፍል የሚገባበት በር አልነበረውም፤ ካሜራው ገባ። ያ ትዕይንት ከኋላም ከፊትም ያለውን አላናጋም፣ እንዲያውም የንግሥቲቱን ክፋት ሥር አሳየን። የዚህ ተቃራኒ ከሌላ ደራሲ መጽሐፍ የተወሰደው ‹ዘ ዊል ኦፍ ታይም› ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ገና በመጀመሪያው ክፍል ፔሪን ለሚባለው ባለታሪክ በመጽሐፉ ያልነበረች ሚስት ሰጡትና እዚያው በስህተት በገዛ እጁ እንዲገድላት አደረጉ። ሰውየው እንዲያዝን ብቻ የተፈጠረች ሴት! እኔ ይህን ዓይነቱን ነው የማልወደው።

«እትዬ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምሠራው። የቱርክ ድራማዎች ከመጽሐፍ የተወሰዱ አሉ ሲሉ ሰማሁ። መጽሐፋቸውም እንዲህ ማለቂያ የለውም? የሌሊት ፈረቃ ገብቼ ሳምንት ሙሉ አምልጦኝ ስመለስ እዚያው ደረጃ ላይ ቆመው እየተያዩ አገኛቸዋለሁ።»

የኔ እመቤት፣ ሳቅሽን አጋባሽብኝ። መጽሐፉስ ያልቃል፣ ያውም ቶሎ።

‹ያፕራክ ዶኩሙ› የሚባለውን ውሰጂ። ረሻት ኑሪ ጉንተኪን እ.ኤ.አ. በ1930 ያሳተመው ልቦለድ ነው፤ አንድ ሁለት ማታ የሚበቃው ስስ መጽሐፍ። አሊ ሪዛ የሚባል ከመርሑ ንቅንቅ የማይል አባት፣ ሚስቱና አምስት ልጆቹ፣ ቤቱም ቀስ በቀስ ሲበተን። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በቴሌቪዥን ሲሠራ 174 ክፍል ወጣው! ዘመኑንም ወደ ዛሬዪቱ ኢስታንቡል አመጡት።

ምክንያቱ ገበያ ነው። እዚያ አገር አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ የሚተላለፍ ሆኖ ርዝመቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል ነው፤ በመሃሉ ማስታወቂያ ይገባል። ተመልካች ያለው ድራማ እንዲያልቅ የሚፈልግ ጣቢያ የለም። መጽሐፉ ካለቀ በኋላም ጸሐፊዎቹ በየሳምንቱ ያን ሁሉ ሰዓት የሚሞላ ነገር መፈልሰፍ አለባቸው። ደረጃ ላይ መተያየት ርካሽ ነው፤ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዘመኑን ማዛወሩ አላስከፋኝም፤ ከልጆቹ ጋር መግባባት ያቃተው አባት ደሴም ሞልቷል። የሚያስከፋኝ መከራው ሲደጋገም ነው። ያቺው ልጅ ደግማ ደጋግማ ስትታለል መጀመሪያ ታሳዝንሻለች፣ ቀጥሎ ታናድድሻለች፣ በመጨረሻ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነው የምታዪያት። ደራሲው አንዴ ብቻ ያደረገው እንድታዝኚላት ነበር።

«ከሐይቅ ነው። መጽሐፉን ላንብብ ወይስ ድራማውን ልይ፣ የቱ ይቅደም?»

መጽሐፉ። ድራማውን ካየሽ በኋላ የተዋናዩን ፊት ከጭንቅላትሽ ማስወጣት አትችዪም፤ መጽሐፉን ስታነቢ ፊቱን የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ኪራይ ስለማገኝበትም ነው፣ ልደብቅሽ አልችልም።

«እህት ዓለም፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ጡረተኛ ነኝ። ወጋየሁ ንጋቱ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራ ፈትቼ የሰማሁ ሰው ነኝ። ፊልም የሚማር የልጅ ልጅ አለኝ። ‹እኔ ብሠራው ሰብለንና በዛብህን አጋባቸዋለሁ፤ ዘመኑ ተስፋ ይፈልጋል› አለኝ። ቡና ላይ ተጣላን፣ ሦስተኛውን ሳንጠጣ ተነሳሁ። ፍረጂን።»

ጋሼ፣ በረካውን ጥሎ መነሳትስ ደግ አልነበረም። ፍርዱ ግን ለእርስዎ ነው፣ ምክንያቴ ከእርስዎ ይለይ ይሆናል እንጂ።

ልጁ ሁለቱን ሊያጋባ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው ስለቱን ነው። የበዛብህ ወላጆች ይህ ልጅ ካደገልን ለቤተ ክርስቲያን ብለው ተሳሉ። ያ ስለት በዛብህን እስከ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ድረስ ይከተለዋል። እዚያ ደግሞ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ከምድር ያጡ አባት አሉ፤ ሰብለ በዚያ ኩራት የተነሳ ነው ባል ሳታገኝ የኖረችው። ልጁ ሠርጉን ለመደገስ ስለቱን ያፍርስ፣ ወይም ፊታውራሪን ደግ አባት ያድርጋቸው። ስለቱን ካፈረሰ የበዛብህን ጭንቀት አጣው። ፊታውራሪን ደግ ካደረገ ደግሞ ጉዱ ካሣ የሚናገረው ሁሉ የእብድ ወሬ ይሆናል።

ዋናው ግን ይህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፣ የሚከሱት ሥርዓት ገና በእግሩ ቆሞ ሳለ። የሁለቱ ሞት የክሱ ማስረጃ ነው። ከተጋቡ ፊታውራሪ መሸሻ ምን አጠፉ? ትንሽ አስቸገሩ፣ በኋላ እሺ አሉ፣ ተመረቁ፣ አለቀ። የልጅ ልጅዎ ተስፋ የሰጠ መስሎት ተከሳሹን በነጻ ይለቅቃል። ይህን ንገሩትና ምን እንደሚል እንስማ፤ ፊልም የሚማር ከሆነ ይገባዋል።

ለእሱም አንድ ነገር ልተውለት። እርስዎ የሚወዱት የወጋየሁ ትረካ ራሱ ከመጽሐፉ ጋር አንድ አይደለም። ቃሉ የሐዲስ ነው፤ ሳቁ፣ ሳሉ፣ የጉዱ ካሣ ድምፅ የወጋየሁ ነው። እኔ ያንን መጽሐፍ ሳነብ እስካሁን በእሱ ድምፅ ነው የምሰማው፣ ማንም «ጨመረበት» ብሎ ሲከሰው አልሰማሁም። ስለዚህ ልጁ መጨመር ካማረው ቦታ አለለት፤ ሰብለ ከቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ የሄደችበትን መንገድ ያስፋው። ያ መንገድ ቢረዝም ምንም አይፈርስም። እኔ ዘንድ ባለው ቅጂ እዚያ ገጽ ጠርዝ ላይ አንድ ተከራይ በእርሳስ «ሰብልዬ ፍጠኚ» ብሎ ጽፏል። ልሰርዘው አስቤ ተውኩት።

«እትዬ፣ የመጀመሪያ ልቦለዴን አሳትሜያለሁ፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ባለታሪኬ በባቲ መውጫ ቁርስ ቤት ያላት ሴት ናት፤ የምትጠብቀው ሰው ከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ ተመላላሽ። አንድ ፕሮዲዩሰር ተከታታይ ድራማ ላድርገው ብሎኛል። ግን ታሪኩን አዲስ አበባ ላዛውረው፣ ቁርስ ቤቱም የወንድ ይሁን ይላል። በቃል ተስማምተናል። ልከልክለው?»

በመጀመሪያ በቃል የሚባለውን ነገር ተዪው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለ። ሥራሽን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት ያንቺ ነው፤ ሰውየው ያላንቺ ፈቃድ ሊነካው አይችልም። ብትሸጪለትም እንኳ የሚቀርሽ የሞራል መብት አለ፦ ስምሽ እንዲጠቀስ፣ ሥራሽም ክብርሽንና ዝናሽን በሚጎዳ መንገድ እንዳይዛባ መቃወም ትችያለሽ። ጥበቃው ዕድሜሽን ሙሉና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። (ጋሼ፣ ሐዲስም ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነውና የልጅ ልጅዎ ሠርጉን ከመደገሱ በፊት ወራሾቹን ያስፈቅድ።)

ሁሉንም አትከልክዪ። «አንዲት ቃል አይነካ» የሚል ደራሲ ድራማ አይሠራለትም። ቁጭ በዪና ታሪክሽ የቆመባቸውን ሁለት ሦስት ነገሮች ለዪ፤ እነሱ በውሉ ላይ «አይለወጡም» ተብለው ይጻፉ፣ ሌላውን ልቀቂለት። እኔ ከነገርሽኝ ብፈርድ አንዱ መንገዱ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ባይኖር ያቺ ሴት የምትጠብቀው ሰው የለም። አዲስ አበባ መሃል ከባድ መኪና የምትጠብቅ ባለ ቁርስ ቤት ማን ያምናታል? ለቀረጻው ወጪ ብሎ ከሆነ ደግሞ መኪናውም መንገዱም እዚሁ በነጻ ቆሞለታል።

ሴትዮዋን ወንድ ማድረጉን ግን ምክንያቱን ጠይቂው። «ታዋቂ ተዋናይ አግኝቻለሁ» ካለሽ ያው የሜሎር ነገር ነው፤ ለሱ የሚመቸውን እንጂ ታሪኩ የሚፈልገውን አልነገረሽም። «ሚስቱ ሹፌር ሆና እሱ ቢጠብቅስ?» ካለሽ ግን ቁጭ ብለሽ ስሚው። የሚጠብቅ ወንድ፣ የምትሄድ ሴት፤ ጎረቤት የሚለው ይለወጣል፣ ሐሜቱ ይለወጣል፣ ሌላ ታሪክ ይወጣዋል። እኔ ብሆን ያንን አየው ነበር።

ስክሪፕቱን ከቀረጻ በፊት የማንበብ መብት በውሉ ይግባልሽ፤ ክፍያውም በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየክፍሉ የሚለው በቁጥር ይጻፍ፣ ሁለተኛ ሲዝን ቢመጣ ምን እንደምታገኚም እንዲሁ። ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ ያንብብልሽ። ወደ ደሴ ስትወጪ ሁለት ቅጂ ይዘሽልኝ ነይ፤ አንዱ ለኪራይ፣ አንዱ ለጎረቤቴ ለፍላሽ ጫኙ፣ ድራማው ሲመጣ ቀድሞ አንብቦ እንዲጠብቀው።